የኦዳይ ጥቁር መነጽር

የቲነር ሽታ ለሌላው ሰው ራስ ምታት ነው፤ ለእኔ ግን ዕድሜዬ ነው። ባለፈው ወር የደም ግፊት መድኃኒቴን ልገዛ ወጥቼ መንገድ ዳር ባጃጅ ስጠብቅ፣ አጠገቤ አንድ ሰው የብረት በር ቀለም ይቀባ ነበርና ሽታው ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። መድኃኒቱንም መንገዱንም ረሳሁ። ቀኝ እጄ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ጣቶቹን ሰብሰብ አድርጎ ብሩሽ ያዘ፤ የሌለ ብሩሽ። ጣቶቼ ከእኔ የባሱ ሞኞች ናቸው፣ ሥራው መቅረቱን እስከ ዛሬ አላመኑም። አሁን ጅጅጋ ውስጥ የሱቅ ስም በእጅ የሚያጽፍ ሰው የለም። ባነር ይታተማል፤ በሁለት ወሩ ፀሐይ ያነጣዋል፣ በሦስት ወሩ የእኛ ነፋስ ይቀደዋል፣ በአራተኛው ሌላ ይታተማል። የእኔ ጽሑፎች ግን አንዳንድ ሰፈር አሁንም አሉ። ባለቤቱ ሞቶ፣ ሱቁ ሦስት ጊዜ ተሽጦ፣ ስሙ እንደተጻፈ የቀረ አለ። አንዱን በቅርቡ ሳየው፣ "አንተም አላረፍክም?" አልኩት።

ባጃጁ መጣና ገባሁ። ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ላስቲክ ላይ ኦዳይ ተለጥፏል። ኦዳይን የማያውቅ ካለ መቼም ስልክ የሌለው ሰው ነው፤ ለእሱ ስል ልናገር። ኦዳይ በሶማልኛ ሽማግሌ ማለት ነው። ስልክ ላይ የሚጫወቱት ጌም አለ፣ የዚያ ጌም ጀግና ነው። ጺሙን በሂና ያቀላ፣ ሽርጥ ያገለደመ፣ አፉ ላይ መፋቂያ የሰካ፣ ግራ እግሩን የሚጎትት፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ አዛውንት። ነፋስ በማያባራባት ከተማ ውስጥ ይሄዳል። ነፋሱ ከገመድ ላይ የወሰደውን የሰው ልብስ ከጣሪያና ከሽቦ ላይ እየለቀመ ለባለቤቱ ይመልሳል። ፍየሎች ልብሱን ይሻሙታል፣ ባጃጅ ይገጨዋል፤ ሦስት ነፍስ አለው፣ ሦስቱ ካለቁ እንደገና ይጀምራል። ከጅጅጋ ተነሥቶ ድሬዳዋ ገባ፣ ድንበር ተሻግሮ ሐርጌሳ ደረሰ፣ አዲስ አበባም ወጥቶ ሱሪ ለበሰ። ወደ ሱሪው እመለሳለሁ።

አብራኝ የተሳፈረች ተማሪ ሥዕሉን እያየች፣ "ይሄ ሽማግሌ ግን ለምንድን ነው መነጽሩን የማያወልቀው?" አለች።

"ኮንትሮባንድ ስለሚያመላልስ ነዋ!" አላት ሹፌሩ። "እንዳይለዩት ነው።"

"ሂድ! የሰው ልብስ የሚመልስ ሰው ኮንትሮባንድ ይነግዳል? ዓይኑ ታሞ ይሆናል።"

"አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" አለኝ ሹፌሩ በመስተዋቱ እያየኝ።

"ፀሐይ ይሆናላ፣" አልኩት።

ዋሸሁ። ያንን መነጽር የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደቀባሁትም ከእኔ በቀር አጥርቶ የሚያውቅ በዚህች ከተማ አልቀረም። ለሹፌሩ ብነግረውም ከመድኃኒት ቤቱ በፊት አያልቅም ነበር። ቢያልቅም ደክሞኛል፤ አንዳንድ ነገር ለመናገርም ጉልበት ይጠይቃል።

ከአሮጌው ገበያ ጀርባ ሁለት የቆርቆሮ ሱቆች አንድ ግድግዳ ተጋርተው ቆመው ነበር። አንዱ የእኔ የሰዓሊው የታዬ፣ ሌላው የልብስ ሰፊው የፋራህ። አባቴ በወታደርነት መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነው፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ሸበትኩ። ፋራህ ደግሞ የአዲጋላ ልጅ ነው፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ተወልዶ፣ ጎረምሳ ሳለ ጣቢያው ውስጥ ሠርቶ፣ ግራ እግሩን የፉርጎ ብረት ይዞት ነው ወደ መርፌ የዞረው። ያ ባቡር ከቆመ ስንት ዘመኑ! እሱ ግን ረፋድ ላይ የእግር መኪናውን ያቆምና ጆሮውን ወደ ሰሜን ይሰጥ ነበር። "ምን ትሰማለህ?" ስለው፣ "ዘገየ፣" ይላል፤ ሁለታችንም እንስቃለን። ግድግዳው ስስ ስለነበር ሬዲዮናችን እንዳይጣላ ውል ነበረን፤ እስከ ቀትር የእሱ የሶማልኛ ዘፈን ከነዑዱ ከነከበሮው፣ ከቀትር በኋላ የእኔ ትዝታ። የእኔ ሲጀምር፣ "ይሄ ሰውዬ ዛሬም አላገባትም?" ይላል። አዛን ሲሰማ የሁለታችንንም ይዘጋል፤ የእኔን ለመዝጋት እጁን በግድግዳው ቀዳዳ አሾልኮ ነው። ሻሂ በግመል ወተት ሦስት ብር ነበር፣ የሽርጥ ጠርዝ መስፋት አሥር ብር። ዛሬ በአሥር ብር ክርም አይገኝም። የፋራህ ሽርጥ ሁልጊዜ ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው ነበር፤ የሰው ሁሉ ልብስ ሲያድስ የራሱ ጠርዝ እንደተተረተረ ይውላል።

በእኛ ሙያ ዓይን የሚሣለው መጨረሻ ነው። ፊቱን፣ ጸጉሩን፣ ልብሱን፣ ጥላውን ጨርሰህ፣ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በቀጭኑ ብሩሽ ዓይን ትከፍታለህ። ዓይን ከተከፈተ በኋላ ሥዕሉ ያንተ አይደለም፤ ማየት ጀምሯል። በጅጅጋ ደግሞ ሌላ ደንብ አለ። የከተማው ሰው አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ፣ ነፍስ ያለውን ነገር ፊት መሣል ደስ የማይለው ብዙ ነው። ባለ ሱቁ ሳይጠይቀኝ አውቅለት ነበር፤ ለልብስ ሰፊ ሱቅ ልብሱን ብቻ እሥላለሁ፣ ለጸጉር ቤት ደግሞ ሰውየውን አዞረዋለሁ። የዚህ ከተማ የጸጉር ቤት ሥዕሎች ግማሾቹ ማጅራታቸውን የሰጡት ተኳርፈው አይደለም፣ የእኔ ሥራ ነው። ፋራህ በዚህ ይወደኝ ነበር። "የማርያም ልጅ ብትሆንም አደብ አለህ፣" ይለኛል። ይህን አደብ ለማያውቀኝ ሰው ሁሉ ስጠብቅ ኖሬ፣ ለገዛ ወዳጄ ስደርስ ጣልኩት።

ከተማዋ የታመመችበት፣ እንደ እኔ ያለው መጤ ተብሎ የሚታደንበት አንድ ክረምት ነበር። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ደግሞ እኔ ልተርክለት አልችልም። ፋራህ እግሩን እየጎተተ ቤቴ ድረስ መጣና፣ "ተነሡ፣" አለን። ምን እንያዝ፣ የት እንሂድ፣ የሚባል ነገር የለም። ልጆቻችን ሌላ ከተማ ስለነበሩ እኔና ባለቤቴ ብቻ በጓሮ በኩል ተከትለነው ሄድን፤ ስድስት ቀን እሱ ቤት የጨርቅ ጥቅል ከሚያስቀምጥበት ክፍል ሰነበትን። ፍልሰታ ነበር። ሚስቱ ዘህራ የመጀመሪያውን ቀን ወተትና ሥጋ ይዛ መጣችና የባለቤቴን ፊት ዓይታ መለሰችው። "ጾም ላይ ናችሁ፣ ረሳሁት፣" አለችና እንጀራቸውን በሰሊጥ ዘይት አርሳ አመጣችልን። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ስድስት ቀን ሙሉ ጾማችንን ጠበቀችልን።

በሦስተኛው ቀን እጄን ልታጠብ ግቢው ውስጥ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። ወደ ክፍሉ የምመለስበት ጊዜ አልነበረም። ፋራህ በአንድ እጁ ከተዘጋው መዝጊያ ጀርባ ገፋኝና፣ ሌላውን መዝጊያ ገርበብ አድርጎ ራሱ በክፍተቱ ቆመ። ቆርቆሮው ላይ የምስማር ቀዳዳ ነበር፤ በዓይኔ ልክ። በዚያ ቀዳዳ የፋራህን ትከሻ፣ ከትከሻው ወዲያ ያንኳኩትን ሰዎች ፊት አያለሁ። "ሰው ደብቀሃል ይባላል፣" አሉት በሶማልኛ። "እዚህ ቤት ያለው ሁሉ የእኔ ነው፣" አላቸው። አልዋሸም፤ ፋራህ ዋሽቶ አያውቅም። ቆሙ፣ ቆመ። ያን ታማሚ እግሩን በመዝጊያው ጠርዝ አስደግፎ ነበር፤ እኔ ደግሞ ትንፋሼን ውጬ ዓይኔን ከቀዳዳው መንቀል አቅቶኝ ቀረሁ። በመጨረሻ ሄዱ። ፋራህ በሩን ዘጋና፣ "እጅህን ታጠብክ?" አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንሥቶ አያውቅም፤ እኔም ሳነሣበት፣ "ክሩን አቀብለኝ፣" ይላል።

ከዓመት በኋላ ነው፣ ሙክታር የሚባል ነጋዴ ከሱቃችን ፊት ለፊት ጌም ቤት ከፈተ። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት የላስቲክ ወንበር፣ አንድ ጨዋታ ሦስት ብር። በሩ ላይ ሥዕል እንድሠራለት ፈለገና መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ አሳየኝ። ስልኩ ውስጥ እጁን ወደ ላይ የዘረጋ አንድ ድብዝዝ ያለ ሰው አለ።

"ማነው ይሄ?" አልኩት።

"ጀግና ነዋ፣ ታዬ። የጌም ጀግና።"

"ምን አድርጎ?"

"ይዘላል።"

"ስለዘለለ ነው ጀግና የተባለው?"

"ወንድሜ፣ አንተ ቀባው እንጂ አትመርምረው!" ብሎኝ ሄደ።

በሩን ነጭ ቀብቼ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ስልኩን አየሁ፣ ምንም አይታይም፤ ስንጥቁ ፊቱ ላይ ነው። ጀግና ሥራ ተብያለሁ። እኔ ደግሞ አንድ ጀግና አውቃለሁ፣ እሱም መዝለል አይችልም። ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለውን ሽርጥ ቀባሁ፤ የተተረተረውን ጠርዝ ሳይቀር። ግራ እግሩን ወደ ውስጥ አዞርኩ። ቀይ ጺሙን፣ መፋቂያውን፣ ከኋላው ደግሞ ገመድ ላይ በነፋስ የሚንገላታ ልብስ አደረግሁለት። ለፋራህ፣ "ሳልጨርስ እንዳታይ፣" ብዬው በሩን በጆንያ እየሸፈንኩ ነው የሠራሁት፤ እሱም የታዘዘውን የሚያከብር ሰው ስለሆነ ቀና ብሎ አላየም። አርብ እሱ ለጁምዓ መስጊድ በሄደበት ሰዓት ጆንያውን አነሣሁና ዓይኑን ከፈትኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዓይን ሥዬ አላውቅም። ሲመለስ ያያል፣ ይስቃል፣ ሻሂ ያዛል ብዬ የሻሂውን ብር እንኳ አዘጋጅቼ ነበር። ወዳጅነት ደንቡን የሚያነሣልኝ መስሎኝ ነው።

ፋራህ መጣ። በሩ ላይ የተሰበሰቡት ወጣቶች፣ "ኦዳይ! ኦዳይ!" እያሉ አንዴ እሱን አንዴ ሥዕሉን ያሳያሉ። ቆሞ የሥዕሉን ዓይን አየው። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሱቁ ገባ። የእግር መኪናው ድምፅ አልተሰማም። አሥር ሰዓት አካባቢ በራፌ ላይ መጥቶ ቆመ።

"ታዬ፣ የማን ዓይን ነው?"

"የአንተ ነው።"

"ማን ሰጠህ?"

"ፋራህ፣ ውለታህን ባልከፍል ስምህን ላስጠራ ብዬ..."

"ውለታ?" አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ከፍ ቢያደርገው ይሻለኝ ነበር። "እኔ ያን ቀን በር ላይ የቆምኩት ለአላህ ብዬ ነው። ማንም ሳያይ እሱ ዘንድ ነው ያስቀመጥኩት። አንተ አውጥተህ የጨዋታ ቤት በር ላይ ለጠፍከው። በቂያማ ቀን ለሠራኸው ሥዕል ነፍስ ስጠው ሲሉህ ምን ትላለህ? ለራሴ አይደለም የምፈራው፣ ለአንተ ነው። አጥፋው።"

ማጥፋት ነበረብኝ። አንድ ጣሳ ነጭ ቀለም፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ። ግን ሰዓሊ ሲባል ልቡ ያበጠ ፍጥረት ነው፤ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠውን በገዛ እጄ እንዴት? ሙክታርም፣ "ሰው የሚመጣው ለኦዳይ ነው፣ ብታጠፋው እገድልሃለሁ፣" እያለ ይስቃል። እናም የፈሪ መላ መታሁ። ጥቁር ቀለም በጥብጬ ዓይኖቹ ላይ መነጽር ቀባሁባቸው። የኦዳይ መነጽር ትውልዱ ይህ ነው፤ ፋሽን አይደለም፣ ኮንትሮባንድ አይደለም፣ የሁለት ሽማግሌ ቅያሜ ነው።

"ተስተካከለ፣" አልኩት ፋራህን በማግሥቱ።

"ሸፈንከው እንጂ አላጠፋኸውም፣" አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታው ተረፈልኝ፣ ሻሂው ቀረብኝ። ሰው ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ሰላምታ መንፈግ በሃይማኖቱ አይፈቀድም፤ ፋራህ ደግሞ ከሃይማኖቱ ፈቀቅ አይልም። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ሰላም ይለኛል፤ ጤናዬን፣ ባለቤቴን፣ ልጆቼን በየስማቸው ይጠይቃል። አንድ ሳያጎድል ይጨርስና ይገባል። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ አንዲት ቃል የለም። የሬዲዮው ውል ሳይፈርስ ቀጠለ፤ እስከ ቀትር የእሱ፣ ከቀትር በኋላ የእኔ። ግን "ይሄ ሰውዬ ዛሬም አላገባትም?" የሚለኝ አልነበረም። ኩርፊያ እንዲህ በሥርዓት ሲሆን የባሰ ነው፤ ተሳድቦ ቢለየኝ አንድ ቀን ታረቅን እንል ነበር።

ሰው ሁሉ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ የሚሄድበት ዘመን መጣ። ፋራህ ሽርጥና ጉርድ ትቶ ቀኑን ሙሉ የአፍ መሸፈኛ ይሰፋ ነበር። አንዱን ከተረፈው ሰማያዊና ነጭ ጨርቅ ሰፍቶ፣ ምንም ሳይናገር በግድግዳው ቀዳዳ አሾለከልኝ። ያን አድርጌ ወጣሁ፤ እሱም አድርጓል። ከፊቱ የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነበር፤ ከኔም እንደዚያው። ጠዋት ጠዋት በዓይን ብቻ ተያየን። በሩ ላይ ዓይኑን ልክ ሠርቼው ነበር፣ ያሰብኩት ይህንኑ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሆዳን የመጣችው ያኔ ነው። ኮምፒውተር ተምራ ሥራ ያጣች ወጣት ናት፤ ጌም ቤቱ ተዘግቶ በሩ ብቻ በሚታይበት በዚያ ጊዜ፣ በሩን ፎቶ አንሥታ ወደ ሱቄ ገባች። "ጋሽ ታዬ፣ ይሄን ኦዳይ በስልክ ላስኬደው እፈልጋለሁ፣" አለችኝ። "አስኪጂው፣" አልኳት። ከግድግዳው ማዶ መርፌው ሲሄድ እየሰማሁ! ማንን መጠየቅ እንዳለባት አውቃለሁ፤ አልነገርኳትም። ከሁለት ወር በኋላ አምጥታ አሳየችኝ። የመጀመሪያው ኦዳይ ከነጠብጣብ የተሠራ ነው፤ ራቅ ሲያደርጉት ሰው፣ ቀረብ ሲያደርጉት ሸክላ የተነጠፈበት የሻሂ ቤት ወለል። ሆዳን ለአካሄዱ አራት ሥዕል ብቻ ስለሠራች ግራ እግሩ ከቀኙ ይዘገይ ነበር። ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። ፋራህ እየሄደ ነው። አዲጋላ የተጎዳው እግር፣ ቤቴ ድረስ የመጣው እግር።

"እግሩ ስህተት ነው፣ አስተካክለዋለሁ፣" አለችኝ።

"እንዳትነኪው፣" አልኳት።

አልነካችውም፤ ከተማውም የወደደው ያንን እግር ነው። ሁለተኛው ኦዳይ ቀለም አገኘ፣ ጺሙ ቀላ፣ ሲደክመው የሚያስል ሆነ። የባጃጅ ጀርባ፣ የልጆች ደብተር፣ ካናቴራ፣ ሁሉ ኦዳይ ሆነ። ከዚያ አዲስ አበባ ያሉ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ከሆዳን ጋር ተዋዋሉና ሦስተኛው መጣ፤ ሽርጡ ቀርቶ ሱሪ፣ ሰንደሉ ቀርቶ ስኒከር። እግሩን አቃኑለት። ዘለለ! ጀግና መዝለል አለበት ብለው ወስነው። ተጫዋቹ፣ "ይሄ የእኛ ኦዳይ አይደለም፣" ብሎ ሲያምጽ ሽርጡንም ማነከሱንም መለሱ፤ ማነከሱን ግን ለሚፈልግ በክፍያ ነው። እግዚአብሔር ለፋራህ በነፃ የሰጠውን እነሱ ሸጡት። መነጽሩን ብቻ ማንም አልነካም፤ ኦዳይ ያለ መነጽር ኦዳይ አይሆንም ተብሎ።

ፋራህ ይህን ሁሉ ሰምቷል። አንድ ጠዋት ሰላምታውን ጨርሶ ሳይገባ ቆመ። "ይሄዳል አሉኝ፣" አለኝ። ምን ልበል? "ይሄዳል፣" አልኩት። "ይሞታልም፣ ተመልሶም ይነሣል አሉኝ።" ራሱን ነቀነቀ። የተቆጣ አይመስልም ነበር፤ የደከመው ይመስል ነበር።

መንገድ ሲሰፋ ሱቆቻችንም የሙክታር በርም ፈረሱ። ፋራህም ሳንባው ታሞ ነበርና ልጁ አዲጋላ ሊወስደው መጣ። ሊሄድ ሲል ፍርስራሹ አጠገብ ባለ ሻሂ ቤት ጠራኝ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ሁለት ሻሂ አዘዘ። ስኒው አሥራ አምስት ብር ገብቶ ነበር። ብዙ አልተነጋገርንም፤ ሰው ለዓመታት ያጠራቀመውን ዝምታ በአንድ ስኒ አይጨርሰውም።

"ክፉ አስበህ እንዳልሠራኸው አውቃለሁ፣" አለኝ። "ሁልጊዜም አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን...?"

"ብታጠፋው ብዬ ጠበቅኩሃ።" ሻሂውን ጨረሰ። "አሁን ከእጅህ ወጥቷል፣ መሄጃ እግርም ሰጥተውታል። ዓይኑን ግን አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው። አትክፈተው፣ ታዬ። አደራ።"

"አልከፍተውም፣" አልኩት። እጄን ይዞት ቆየ።

የሞቱን ወሬ የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። እስከ ድሬዳዋ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በአቧራው መንገድ አዲጋላ ስደርስ ሰው ተበትኗል። ዘህራን አሮጌው ጣቢያ ከሚታይበት በረንዳ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አለቀሰች፣ አለቀስኩ። "ፎቶው እንኳ የለንም፣" አለችኝ። "መታወቂያው ላይ ያለው ደብዝዟል። የልጅ ልጁ ያን ጨዋታ ሲከፍት ስልኩን እቀበለውና አካሄዱን ዓይቼ እመልስለታለሁ።" ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ተውኩት። ለአካሄዱ ይቅርታ ይጠየቃል? ሲመሽ ባቡር የሌለው ሀዲድ ላይ ፍየሎች ሲሻገሩ ዓይቼ ተመለስኩ።

እንግዲህ የቲነሩ ሽታ ይህን ሁሉ ጎትቶ ካመጣብኝ በሦስተኛው ቀን ሆዳን ቤቴ መጣች። አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፣ መኪና አላት፤ ጫማዋን በር ላይ ማውለቁን ግን አልተወችም። ኦዳይ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ለበዓሉ መነጽሩን ሊያወልቁለት ወስነዋል።

"ጋሽ ታዬ፣ ከመነጽሩ ሥር ዓይን እንደነበረ ሙክታር ነገረኝ። እርስዎ ይሣሉልን።"

"ባይወልቅስ?"

"የአዲስ አበባዎቹ ሰዎች ውሉን ፈርመዋል፣ በእኔ እጅ አይደለም። እርስዎ ካልሣሉት ማሽን ያወጣለታል። ሦስት ዓይነት አውጥቶልናል፣ ይዩት።"

አየሁት። አንደኛው የዘፋኝ ዓይን ነው። ሁለተኛው የሙሽራ። ሦስተኛው የማንም አይደለም፤ ያየው ነገር የለም፣ የፈራው የለም፣ ያፈረበትም የለም። ያንን ነው ሰዎቹ የወደዱት። እኔ እምቢ ካልኩ በፋራህ እግር፣ በፋራህ ጺም ላይ ያ ባዶ ዓይን ይገጠማል። እሺ ካልኩ ደግሞ ለሞተ ሰው የገባሁትን ቃል በልቻለሁ። ከዚያ ደግሞ ዘህራ አለች፤ አንዴ ብሩሼን ብነካው ባሏን ታያለች። "አንድ ቀን ስጪኝ፣" አልኳት ሆዳንን።

ጠዋት ጺሜን ልላጭ መስተዋቱ ፊት ቆምኩ። ያረጀ ሰው ነው የሚያየኝ። የቀኝ ዓይኑ ሽፋን ወድቋል፣ ነጩ ቢጫ ሆኗል፣ ሥሩ ተቋጥሯል። ምላጩን አስቀመጥኩና ወረቀት አመጣሁ። ለትንሽ መስመር ሦስት ጊዜ ደገምኩ። የቀረኝን ቀጭን ብሩሽ ቲነር ውስጥ ነክሬ አለሰለስኩትና የመጨረሻውን አደረግሁ፤ ዓይን ከፈትኩ። የማንንም አልወሰድኩም። በቂያማም ሆነ በምጽአት ቀን ቢጠይቁኝ የራሴን ነው የሰጠሁት። ሆዳን መጥታ ስታይ፣ "ደክሞታል፣ ግን ሕያው ነው፣" አለችና ወሰደችው። የማን ነው ብላ አልጠየቀችኝም።

አዲሱ ኦዳይ ትናንት ወጣ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ከአዲጋላ ዘህራ ናት። ለማንሣት ዘገየሁ። ባሏን ጠብቃ የእኔን ነገር ስታይ ምን ትለኛለች ብዬ ነው።

"ወላል ታዬ፣" አለችኝ። ወንድሜ ማለቷ ነው። "መነጽሩን አወለቁት። አየሁት።"

"አየሽው?"

"የእሱ ዓይን አይደለም።"

"አይደለም፣ ዘህራ። አደራ ብሎኝ ነበር።"

"አውቃለሁ፣ ነግሮኛል። ልጆቹ የማን ነው እያሉ ይከራከራሉ።" ከኋላዋ ጨዋታው ሲንጫጫ ይሰማኛል። "እኔ ግን አወቅሁት። ስድስት ቀን ሙሉ ቤቴ ውስጥ አይቼዋለሁ። የፈራ ሰው ዓይን ይረሳል?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

"ወላል ታዬ፣" አለች፣ "ፋራህ ዛሬም ደብቆሃል።"

እንደዚያን ቀን፣ ከመዝጊያው ጀርባ እንዳለሁ ሁሉ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ።